አጠገቡ ያለውን ሰው እዩት

በሕይወቴ ክፉኛ ካፈርኩባቸው ምሽቶች አንዱ የጓደኛዬ ልደት ነው። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ጨዋታው ሞቅ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሜ የተለማመድኩት ነገር አለኝ። የክሪስ ፋርሊን ማት ፎሊ ላሳያቸው ነው። ሱሪዬን እስከ እምብርቴ ሳብኩት። መነጽሬን አስተካከልኩ። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ በዚያ በሻከረ ድምፁ ጮህኩ፦ «ዕድሜዬ 35 ነው! ትዳሬን ፈትቻለሁ! የምኖረው ደግሞ ወንዝ ዳር በቆመ ቫን ውስጥ ነው!»

ጸጥ።

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዷ ከምሯ «ደህና ነህ ግን?» አለችኝ። ወደ ወንበሬ የሚመልሰኝ መንገድ ቢበዛ አራት እርምጃ ነው፤ ያን ቀን ግን አልደርስ አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታናሽ እህቴ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ድምፁን እኮ አግኝተኸዋል» አለችኝ። ላጽናናህ ብላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ «ግን ማንን ነበር የምትመክረው?» አለች።

ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ያ ጥያቄዋ ነው።

ማት ፎሊን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ሳተርዴይ ናይት ላይቭ ከ1975 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቅዳሜ ማታ ከኒው ዮርክ በቀጥታ የሚተላለፍ የአጫጭር ጭውውቶች ፕሮግራም ነው። ማት ፎሊ እዚያ የወጣው በግንቦት 1993 ነው። የጻፈው ቦብ ኦደንከርክ ነው፣ አዎ፣ ያ በኋላ ሶል ጉድማን የሚባለውን ጠበቃ ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ። ፋርሊ ገፀ ባህሪውን ቺካጎ በመድረክ ሲጫወተው ቆይቶ ነው ቴሌቪዥን ላይ ያመጣው። ሰውዬው አነቃቂ ተናጋሪ ነው። ችግሩ፣ የራሱ ሕይወት ገደል ገብቷል፤ ሌላውን የሚያነቃውም እየጮኸ «እንደኔ እንዳትሆኑ» በማለት ነው።

ከልደቱ ማግስት ያንን የመጀመሪያውን ጭውውት እንደገና ከፈትኩት። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በዚህኛው ግን ከራሴ ጋር ተወራረድኩ፤ ፋርሊን አላየውም፣ ሌሎቹን ብቻ ነው የማየው።

እና ምን አየሁ መሰላችሁ። አባትየው ፊል ሃርትማን ነው። ልጆቹ ዴቪድ ስፔድና ክርስቲና አፕልጌት ናቸው። ቤት ውስጥ ማሪዋና ተገኝቷል፤ ወላጆች ተጨንቀው መካሪ ቀጥረዋል። አባትየው፣ ሰውዬው ላለፉት አራት ሰዓታት ምድር ቤት ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ እንደቆየ ይናገራል። እንደ ተራ ነገር ነው የሚናገረው። ፋርሊ ገና አልገባም፣ እኛ ግን ከወዲሁ ፈርተናል። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰውዬ በጠበበው ኮቱ ይገባል፣ ይጮሃል፣ ቀበቶውን ይስባል። ስፔድ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። አፕልጌት ፊቷን ትደብቃለች። ሁለቱም አልቀዋል። ሃርትማንስ? ንቅንቅ የለም። ፋርሊ በልጁ የደራሲነት ሕልም ሲያላግጥ፣ ሃርትማን እንደ ጨዋ ሰው ጣልቃ ይገባና እኔና ባለቤቴ እኮ ልጃችንን በጽሑፉ እያበረታታነው ነው ይለዋል። ፋርሊ አፍህን ዝጋ አይነት ነገር ይመልስለታል። ሃርትማን ይቀበላል። ገንዘብ የከፈለበት ባለሙያ ነዋ! ቀጥሎ ፋርሊ ተንደርድሮ ጠረጴዛው ላይ ይወድቅና እንክትክቱን ያወጣዋል። ስቱዲዮው ሁሉ ሲፈነዳ ሃርትማን አሁንም አባት ነው።

እኔ ልደቱ ላይ ፋርሊን ብቻ ይዤ ነው የሄድኩት። ሃርትማን አልነበረኝም። የተጨነቀ ቤተሰብ አልነበረኝም። የቀረው ሱሪውን እምብርቱ ድረስ የሳበ የሚጮህ ሰው ነው፣ ለዚያ ደግሞ «ደህና ነህ ግን?» ተገቢ ጥያቄ ነው።

እየተመላለሱ ስለሚመጡ ገፀ ባህሪያት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው አባባላቸው ነው። ዊጋቸው፣ አረማመዳቸው፣ በየሳምንቱ የሚደግሟት ዓረፍተ ነገር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ገፀ ባህሪው ራሱ አይለወጥም። አይማርም፣ አይጸጸትም፣ ባለፈው ሳምንት የሆነውን አያስታውስም። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ መሆን ያለበት እሱ አይደለም፣ የሚያርፍበት ሰው ነው። ጸሐፊው ሰኞ ጠዋት የሚጠይቀው «ዛሬ ምን ይበል?» ከሆነ ነገሩ አልቋል። «ዛሬ ማን ላይ ይምጣ?» ካለ ግን ገና ብዙ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የሥራውን አካሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ሳተርዴይ ናይት ላይቭ ውስጥ ሰኞ ሐሳብ ይሰበሰባል። ማክሰኞ ሌሊቱን ሙሉ ይጻፋል። ረቡዕ ሁሉም ጠረጴዛ ከበው ያነባሉ፤ ብዙው እዚያው ይጣላል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከቀጥታ ስርጭቱ በፊት ተመልካች ፊት ሙሉ ልምምድ አለ፣ እዚያም ያላሳቀ ይቆረጣል። እንግዲህ አንድ ጭውውት አምስት ደቂቃ ቢሆን፣ አዲስ ሰው ከሆነ ሁለቱ ደቂቃ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ለሚለው ይሄዳል። የሚታወቅ ገፀ ባህሪ ሲመጣ ያ ሁለት ደቂቃ ይተርፋል። በሩ ገና ሲከፈት ሕዝቡ ይጮሃል። ለደከመ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፣ ከዚህ የበለጠ ፈተናም የለም፣ ምክንያቱም ያለምንም ሥራ የሚገኝ ጭብጨባ ሰውን ያሰንፋል።

ኋላ ቀር ካላላችሁኝ የምወደው የካሮል በርኔት ሾው ነው። ከ1967 እስከ 1978 የተላለፈ። እዚያ ሚስተር ተድቦልና ሚሲስ ዊጊንስ የሚባሉ አለቃና ጸሐፊ አሉ። አለቃው ቲም ኮንዌይ ነው፣ ጸሐፊዋ ራሷ ካሮል በርኔት። ሚሲስ ዊጊንስ መጀመሪያ የተጻፈችው እንደ አሮጊት ነበር። የልብስ ዲዛይነሩ ቦብ ማኪ አሮጊቶች በዝተዋል አለና ቢጫ ዊግና ጥብቅ ቀሚስ አመጣላት። ቀሚሱ ታዲያ ጉልበቷ ጋ ጠቦ ከኋላ ሰፋ። በርኔት ይጥበብልኝ ስትለው፣ አይ፣ አንቺ ወደ ኋላ አውጪውና ሙዪው አላት። በዚያ ቀሚስ መራመድ የሚቻለው ጉልበትን ገጥሞ፣ ወገብን ወደ ፊት ሰብሮ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ አውጥቶ ነው። ያ ዝነኛ አረማመድ እንዲህ ነው የተወለደው። ያልተስተካከለ ልብስ ሰው ፈጠረ።

ግን አረማመዱ ብቻውን ቢሆን ለአንድ ቀን ነበር። የሚያኖረው ተድቦል ነው። በጠረጴዛ ላይ ያለች አንዲት የመገናኛ መሣሪያ እንዴት እንደምትሠራ ያስረዳታል። እሷ ጥፍሯን እያየች ነው። እንደገና ያስረዳታል። ትሄዳለች፣ ወንበሯ ላይ ትደርሳለች፣ ይጠራታል፣ ያቺን ሁሉ መንገድ በዚያ አረማመድ ትመለሳለች። እሱ ተስፋ አይቆርጥም። እዚህ ላይ ነው የምሞተው እኔ። አንድ ሰው ሁሌ ቢናደድ ሳቁ ያልቃል፤ ተድቦል ግን በየጊዜው ዛሬ ትረዳኛለች ብሎ ከልቡ ያምናል። ተስፋው ነው የሚያስቀው።

ስለ ኮንዌይ ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያመኛል። ያ ፕሮግራም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነበር የሚቀረጸው። ኮንዌይ በመጀመሪያው እንደ ጽሑፉ ይጫወታል፤ ዳይሬክተሩ የሚፈልገውን ማግኘቱን ካረጋገጠ በኋላ ሁለተኛው ላይ ማንም ያልሰማውን ነገር ያወጣል። ዓላማው ተመልካቹ አይደለም፣ አብሮት የሚጫወተው ሃርቪ ኮርማን ነው። ኮርማን እስኪፈርስ ድረስ አይለቀውም። አንድ ጊዜ ደግሞ የዩኒስና የእናቷ ቤተሰብ ጭውውት ላይ፣ ኩምቢያቸው ስለተጣበቀ ሁለት መንታ ዝሆኖች ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ወሬ ጀመረ። በርኔት ፊቷን ሸፈነች። ዲክ ቫን ዳይክ ወንበሩ ላይ ቀለጠ። ኮንዌይ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ቀጠለ። እናትየው ግን (ቪኪ ሎውረንስ ናት፣ ልጇን ከምትጫወተው በርኔት በ16 ዓመት የምታንስ!) ዝም ብላ ቆየች። ሁሉም ሲረጋጋና ወደ ጽሑፉ እንመለስ ሲባል፣ ይሄ ትንሽ እንትን ጨርሷል ወይ ብላ በእርጋታ ጠየቀች። እንትን ያልኩት እዚህ የማይጻፍ ስድብ ስለሆነ ነው። ከሶፋው ወደቁ። ያን ሁሉ ያወራው ኮንዌይ ነው፤ የጨረሳቸው ግን ዝም ብላ የቆየችው ናት። ስድቡ ለስርጭት አልበቃም፣ ቅጂው ግን እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

አሁን ወደ እንግሊዞቹ ልለፍ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚበልጠው ያለው እዚያ ነው።

ፋስት ሾው በቢቢሲ ሁለት በ1994 የጀመረ ነው። ጭውውቶቹ አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ አይሞሉም። አንዱ ብቅ ብሎ አባባሉን ይላል፣ ይጠፋል። አባባል ፋብሪካ በሉት። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሐል ቴድና ራልፍ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ራልፍ ቻርሊ ሂግሰን ነው፤ ሰፊ መሬት የወረሰ፣ ዓይን አፋር፣ ብቸኛ ባላባት። ቴድ ፖል ዋይትሃውስ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጁ ጭቃ የሆነ፣ ርስቱ ላይ የሚሠራ ሰው። ራልፍ ቴድን ያፈቅረዋል። መናገር አይችልም። ቴድም ሊሰማው አይፈልግም፣ ወይም ገብቶት የሚገባበት ቀዳዳ አጥቷል። ስለዚህ ራልፍ ይመጣና ስለ ታችኛው ማሳ የውሃ መውረጃ ይጠይቃል። ቴድ ይመልሳል። ራልፍ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ልቡ ጠጋ የሚል አንድ ነገር ይላል። ቴድ መሬት መሬት እያየ፣ ስለሱ እንኳ የማውቀው ነገር የለም ጌታዬ ይለዋል። ዝምታ።

በቃ ይኼው ነው። ሌላ ነገር የለውም። ማንም አይወድቅም፣ ጠረጴዛ አይሰበርም። እንዲያውም የቴድን ፊት ለአንድ ደቂቃ ብታዩት፣ ያ ሰው ስንት ነገር እንደሚሠራ ይገርማችኋል። ዓይኑ ከራልፍ ይሸሻል፣ ወደ አካፋው ይሄዳል፣ ይመለሳል። አለቃው ነው፣ ሊያስከፋው አይችልም። ደግ ሰው ነው፣ ሊጎዳውም አይፈልግም። የሚለው ሁሉ «ጌታዬ» ብቻ ነው፣ ግን በየጊዜው «ጌታዬ» ሌላ ትርጉም አለው። አንዳንዱ «እባክዎን አይቀጥሉ» ነው። አንዳንዱ «አዝናለሁ» ነው። ለመሳቅ የከፈትኩት ፕሮግራም ላይ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በ1998 ለብቻቸው አንድ ልዩ ፕሮግራም እስኪሠራላቸው ድረስ ሰው ወደዳቸው። አባባል የሌላቸው ናቸው እኮ! የውሃ መውረጃ አባባል ከተባለ እንጂ።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። ሃሪ ኤንፊልድ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሎድሳማኒ የሚባል ገፀ ባህሪ ነበረው። ስሙ «ገንዘብ እንደ ጉድ» እንደማለት ነው። ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ በታቸር ዘመን ሥራው ደርቶለት መድረክ ላይ ወጥቶ የብር ኖት ጥቅል እያውለበለበ ይጮሃል። ኤንፊልድ ሊሳለቅበት ነበር የፈጠረው። ምን ሆነ? የተሳለቀባቸው ሰዎች ራሳቸው ጀግናችን ብለው ተቀበሉት። አብረውት ገንዘባቸውን አውለበለቡ። ኤንፊልድ ገና በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ገደለው።

ስለዚህ ነገር ብዙ ተብሏል፤ ምፀት አደገኛ ነው፣ ሕዝብ አይገባውም ምናምን። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ የቀለለ ይመስለኛል። ሎድሳማኒ ብቻውን ነበር የሚቆመው። አጠገቡ ሰው የለም። የሚጮኸው ለእኛ ነው። ፊቱ የሚጨማደድ ሚስት፣ የሚያፍርበት ወንድም፣ ሂሳቡን የሚጠብቅ ደንበኛ ቢኖር ኖሮ እኛ ከእነሱ ጋር እንቆም ነበር። ማንም ስለሌለ ያንን ቦታ ተመልካቹ ሞላው፣ የሞላውም እያጨበጨበ ነው። ኤንፊልድ በኋላ ኬቨን የሚባለውን ጎረምሳ ሲሠራ ይህ ችግር የለበትም። ኬቨን 13 ዓመት ሊሞላው ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ሲመታ፣ ከጨዋ ልጅነት ዓይናችን እያየ ወደተጎሳቆለ፣ ሁሉ ነገር ግፍ ነው ወደሚል አውሬነት ይለወጣል። አጠገቡ ግን አባትና እናት አሉ። ደንግጠው የቆሙ ሁለት ምስኪኖች። ጓደኛው ፔሪ ደግሞ (ካቲ በርክ፣ ሴት ናት፣ ብታዩዋት አታምኑም) ለኬቨን እናት ሲሆን መልአክ ነው። የገዛ ልጇ ይጮኽባታል፣ የሰው ልጅ በትሕትና ሰላም ይላታል። ልጅ ያሳደገ ሁሉ እዚያ ጋ ይነካል።

ኤዲ መርፊም ገዳይ ነው። ሳተርዴይ ናይት ላይቭ ሲገባ 19 ዓመቱ ነበር፤ ቡክዊት የሚባለውን ተኮላታፊ ገፀ ባህሪ ሕዝቡ ሊጠግበው አልቻለም። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ እስቲ ቡክዊትን ሁንልን ይለዋል። ሰለቸውና በ1983 በጥይት አስገደለው፣ ያውም ዜናዎች አንድን ግድያ ደጋግመው ደጋግመው በማሳየት እንዴት እንደሚነግዱበት እያላገጠ። ብልጥ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2019 ተመልሶ ሲያዘጋጅ ግን ቡክዊት ከነሕይወቱ ብቅ አለ። እንዴት ዳነ ብሎ የጠየቀ የለም። እነዚህ ሰዎች አያስታውሱም ብያችሁ የለ።

አባባሎችን ጨርሶ ማጣጣሌ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ኮሜዲያን ካትሪን ቴት የምትጫወታት ሎረን የምትባለው ተማሪ «የገደደኝ እመስላለሁ?» እያለች አገር አሳብዳለች፤ ያቺ የተጎረደች «ቦቨርድ» (በእንግሊዝኛው «የገደደኝ» የምትለዋ ቃል ናት) በ2006 ኦክስፎርድ ለብሪታንያ የዓመቱ ቃል ብሎ መረጣት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ለበጎ አድራጎት በተሠራ ጭውውት ላይ ራሷን መልሶ አላት። ጊልዳ ራድነር ደግሞ ኤሚሊ ሊቴላ የምትባል ጆሮዋ የደከመ ሴትዮ ነበረቻት። የሳተርዴይ ናይት ላይቭ የቀልድ ዜና ላይ ቀርባ በንዴት ታማርራለች፦ ሰዎች በቴሌቪዥን ቫዮሊን ለምን ይከለከላል ይላሉ? ልጆች ቫዮሊን ቢያዩ ምን ይሆናሉ? ዜና አንባቢው ቀስ ብሎ፣ እሜቴ፣ የተባለው «ቫዮለንስ» ነው፣ ጥቃት ማለት ነው ይላታል። «አሃ። እንዲያ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።» ትንሽ ዝም ትልና ወደ ካሜራው ፈገግ ብላ «በቃ ተዉት።»

አሁን ይህችን ጭውውት ያለ ዜና አንባቢው አስቧት። አንድ ደግ አሮጊት ስለ ቫዮሊን ተሳስታ ታወራለች፣ ማንም አያርማትም፣ ያበቃል። ያሳዝናል እንጂ አያስቅም። «በቃ ተዉት» የምትጣፍጠው የሚያርማት ስላለ ነው።

ራቸል ድራች የፈጠረቻት ዴቢ ዳውነርም እንደዚሁ ናት። ድራች ሐሳቡን ያገኘችው ኮስታሪካ ለሽርሽር ሄዳ ነው። ከየት ነሽ አሏት፣ ከኒው ዮርክ አለች፣ ሰውየው ወዲያው መስከረም 11 እዚያ ነበርሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጨዋታው ቀዘቀዘ። ከዚያች ቅዝቃዜ ነው ዴቢ የወጣችው። በግንቦት 2004 የመጀመሪያዋ ጭውውት ላይ ቤተሰቡ ዲዝኒ ወርልድ ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ እሷ ስለ ድመቶች ኤድስ ታነሳለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይጠጋል፣ የትሮምቦን ድምፅ «ዋ-ዋ» ይላል። በቀጥታ ስርጭት ነው። አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ፣ በመጨረሻ ራሷ ድራች ካሜራው በተጠጋባት ቁጥር ከንፈሯን መያዝ አቃታት። ተዋንያን መሳቃቸውን ብዙ ሰው አይወድም፤ እኔም በተለምዶ አልወድም፣ ሆን ብለው ሲያደርጉት ደግሞ ያስታውቃል። የዚያን ቀኑ ግን እንደዚያ አይደለም። እየታገሉ ነው የተሸነፉት።

ማታገልን ወደ ጥበብ ያደረሰው ጆን ሙላኒ ነው መሰለኝ። ቢል ሄደር የሚጫወተው ስቴፎን የሚባል ገፀ ባህሪ አለ። የዚያው የቀልድ ዜና አንባቢ ሴዝ ማየርስ፣ ከነቤተሰቡ ኒው ዮርክን ሊጎበኝ ለመጣ ሰው የሚሆን ቦታ ጠቁመን ይለዋል። ስቴፎን አእምሮ የማይቀበለው ጉድ ያለበት የምሽት ክለብ ይዘረዝርለታል። ጽሑፉን ከሄደር ጋር የሚጽፈው ሙላኒ፣ ከልምምዱ በኋላና ከስርጭቱ በፊት ተዋናዩ እያየ የሚያነብበት ሰሌዳ ላይ ያለውን ቀልድ ይቀይርበታል። ሄደር ቀልዱን የሚያነበው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ በቀጥታ፣ ሚሊዮኖች እያዩት። እጁን ፊቱ ላይ የሚከድነው ለዚህ ነው። ማየርስ ደግሞ እንደ ጨዋ ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ይታገሳል፣ ለቤተሰብ የሚሆን ነው ያልኩህ እኮ ይለዋል፣ በሚቀጥለውም ጊዜ እንደገና ይጠይቀዋል። በ2013 ሄደር ሲሰናበት የሆነውን አስታውሱ። ስቴፎን ከጋዜጠኛው አንደርሰን ኩፐር ጋር ሊጋባ ነው፤ ማየርስ የዜና ጠረጴዛውን ጥሎ እየሮጠ ሠርጉን ያስቆማል። የሕዝቡን ጩኸት ስትሰሙ ይገባችኋል። ለካ ለዓመታት ስናየው የነበረው የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው።

ኪ ኤንድ ፒል ይህንን ከጅምሩ የገባቸው ልጆች ናቸው። ሉተር የኦባማ የንዴት አስተርጓሚ ነው። ጆርዳን ፒል ኦባማን ሆኖ በእርጋታ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ ኪገን ማይክል ኪ ከኋላው እየተወራጨ በልቡ ያለውን ይጮኽለታል። በ2015 የዋይት ሐውስ ጋዜጠኞች እራት ላይ እውነተኛው ኦባማ ራሱ ሉተርን አስከትሎ መጣ። ጨዋታው ያማረው መጨረሻ ላይ ነው። ኦባማ ስለ አየር ንብረት ሲናገር ራሱ እየጋለ፣ እየጋለ ሄደ፤ አሁን የሚያረጋጋው ሉተር ሆነ። ተው፣ ቀስ እያለ። በመጨረሻም አንተ የሚያስፈልግህ አስተርጓሚ ሳይሆን የሥነ ልቦና አማካሪ ነው ብሎት ወጣ። ቦታ ተለዋወጡ። ያ ጭውውት ከዚያ በላይ ሊሄድ አይችልም።

የማይስማማኝ ምሳሌ የለም እያልኩ አይደለም። ኪድስ ኢን ዘ ሆል የሚባለው የጭውውት ፕሮግራም ላይ ጭንቅላት ጨፍላቂው የሚባል ሰውዬ አለ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ራቅ ብሎ የቆመን ሰው ጭንቅላት በሁለት ጣቱ መሐል አድርጎ ጨፈለቅኩት ይላል። ተጨፍላቂው አያውቅም፣ ዞሮም አያየውም። አጠገቡ ማንም የለም፣ እኔም እስከ ዛሬ እስቃለሁ። ይኸው፣ ሐሳቤ ላይ ቀዳዳ። ወይ ደግሞ ብቸኝነቱ ራሱ አጠገቡ የቆመ ሰው ነው ብዬ ላምልጥ? አላመልጥም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያስቃል።

ካናዳዎቹ ቦብና ዳግ ማኬንዚ ደግሞ የተወለዱት ከእልህ ነው። ኤስሲቲቪ የሚባለው ፕሮግራም በካናዳ ሲተላለፍ ከአሜሪካው ሁለት ደቂቃ ይረዝም ነበር፣ ጣቢያው ያንን ሁለት ደቂቃ «ካናዳዊ» በሆነ ነገር ሙሉልን አለ። ሪክ ሞራኒስና ዴቭ ቶማስ ምን ማለታችሁ ነው፣ ፕሮግራሙ በሞላ ካናዳዊ አይደለም ወይ ብለው ተናደዱና፣ የሱፍ ኮፍያ አጥልቀው፣ ቢራ ይዘው ተቀምጠው ስለ ምንም ነገር አወሩ። ለማብሸቅ የተሠራው ነገር ከሁሉ በልጦ ታወቀ፤ አልበም ወጣለት፣ በ1983 ፊልም ሆነ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰድበዋል። ብቻውን አንዱን አስቀምጡት፣ ሰካራም ነው።

ልቋጭ ስል እህቴ ትዝ አለችኝ።

ከወራት በኋላ ሌላ ግብዣ ነበር፣ ሰዎቹም በከፊል እነዚያው። ማንም ማት ፎሊን አልጠየቀኝም፣ ይገባቸዋልም። ግን እህቴ ድንገት ተነስታ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ እንደ አንዲት የተጨነቀች እናት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣመረች። በትሕትና ቀና ብላ አየችኝ። «አቶ ማት፣ ስለመጡልን እናመሰግናለን። ልጃችን ከመጽሐፍ አልላቀቅ ብሎናል። እስቲ ይምከሩልን» አለች።

ሱሪዬን ሳብኩ። ጮህኩ። ወንዙ፣ ቫኑ፣ ፍቺው። እሷ እያንዳንዱን ነገር በጥሞና እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ማስታወሻ መያዝ ጀመረች። ቤቱ ፈረሰ። ጮክ ብዬ ጨርሼ እያለከለኩ ስቆም፣ ወረቀቷን ቀና አድርጋ አየችና በጣም በተረጋጋ ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «ወንዙ የትኛው ነው?»

ከዚያ ወዲህ ግብዣ በተጠራ ቁጥር መጀመሪያ የሚደወልላት እሷ ናት። እኔም ልምጣ ወይ ስላት ትፈቅዳለች።